ድምፃቸው የተረፈው ፕሬዚዳንት

በዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ቆመዋል። ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል። ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ ጣል ያደርጋሉ፣ ቀና ይላሉ፣ መልሰው ያቀረቅራሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ በአፍንጫ በኩል የሚወጣ ይመስላል። ከበስተጀርባ ሽንኩርት ሲቁላላ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሳያቋርጥ ይንጨረጨራል። የሚናገሩት ስለ ግብር፣ ስለ መንግሥት ወጪና ስለ ቁጠባ ነው። አራት ደቂቃ ያህል ይናገራሉ፤ ከዚያ ያበቃል።

እኚህ ሰው 30ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ናቸው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1924 ነው። በሥልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምስሉና ድምፁ በአንድ ፊልም ላይ አብረው ሲቀረጹ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከእርሳቸው በፊት የዊልያም ማኪንሊ በዓለ ሲመት እ.ኤ.አ. በ1897 በፊልም ተነሥቷል፤ ቴዎዶር ሩዝቬልትና ዊልያም ታፍትም ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ነገር ግን አንዱ ድምፅ የሌለው ፊት፣ ሌላው ፊት የሌለው ድምፅ ነበር።

የፈረንጆች ገና በደረሰ ቁጥር እንዲህ ያሉ የቆዩ የፕሬዚዳንቶች ፊልሞችና ፎቶግራፎች ከያሉበት ወጥተው በየስልኩ ይዞራሉ። ሲበራ የሚታየው የገና ዛፍ፣ በዙሪያው ኮት ደርበው የቆሙት ልጆች፣ ባርኔጣ ያደረጉት ባለሥልጣናት ሰውን ይስባሉ። ከመካከላቸው አንዱ አፉን ከፍቶ ሲናገር ደግሞ የተመልካቹ ስሜት ድንገት ይለወጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ድንጋጤ ነው፤ «ለካ እንደኛው ሰው ነበሩ!» የሚያሰኝ ድንጋጤ። ቀጥሎ ናፍቆት ይመጣል፤ ያኔ መሪዎች እንዴት ጨዋ ነበሩ፣ አነጋገራቸው እንዴት የረጋ ነበር ይባላል። በቅርብ ዓመታት ሦስተኛ ስሜት ተጨምሯል፤ ጥርጣሬ። ይህ ነገር በኮምፒውተር የተቀነባበረ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ የሚል ጥርጣሬ።

ሦስቱም ስሜቶች ምክንያት አላቸው። ቢሆንም ሦስቱም አንድ ነገር ያስረሱናል ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ የቀረጸው የተነገረውን ብቻ ነው። የ1924ቱን ፊልም የሚያየው ሰው ኩሊጅን ያገኛቸው፣ የሰማቸውና ያወቃቸው ይመስለዋል፤ በዚያ ቀን በልባቸው የነበረው ትልቁ ነገር ግን ከአራቱ ደቂቃዎች ውስጥ የለም።

ድንጋጤው ከየት እንደሚመጣ በቅድሚያ እንመልከት፤ ምክንያቱ ድምፁ ብቻ አይደለምና። ድምፅ አልባ ፊልሞች የሚነሡት በአብዛኛው በእጅ በሚዞር ካሜራ ነበር። አንሺው ሲደክመው እየቀነሰ፣ ሲቸኩል እየጨመረ በሰከንድ 16፣ 18 ወይም 20 ምስል ያነሣል። ያ ፊልም በኋላ በሰከንድ 24 ምስል በሚያሳይ ማሽን ሲታይ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት እየተቻኮሉ ይራመዳሉ፤ ቀብር ላይ እንኳ የሚሮጡ ይመስላሉ። የአያቶቻችንን ዘመን ሩቅና ባዕድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ድምፅ ሲመጣ ይህ አሠራር አበቃ። የፊልሙ ፍጥነት ከተለዋወጠ ድምፁም ስለሚቀጥንና ስለሚወፍር ካሜራው በሞተር፣ በማይለዋወጥ ፍጥነት መዞር ነበረበት። እናም ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሰዎች እንደ እኛ ይራመዳሉ፣ እንደ እኛ ይዞራሉ፣ ዓይናቸውን እንደ እኛ ይከድናሉ። ተመልካቹን «እንደኛው ሰው» ያሰኘው ከድምፁ እኩል ይህ የተስተካከለ እርምጃ ነው።

መሣሪያውን የሠሩት ሊ ደ ፎረስትና ቴዎዶር ኬስ ነበሩ፤ ስሙም ፎኖፊልም ይባላል። አሠራሩ ይደንቃል። ማይክሮፎኑ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩ አንዲት ትንሽ መብራት እየጎላችና እየደበዘዘች እንድትበራ ያደርጋል፤ የመብራቷ ብርሃን በፊልሙ ጠርዝ ላይ ጠቆርና ፈካ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችን እያሳረፈ ይሄዳል። የኩሊጅ ድምፅ ማለት እነዚያ መስመሮች ናቸው። ሲጫወት ብርሃን በመስመሮቹ ውስጥ አልፎ እንደገና ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎም ድምፅ ይሆናል። ያ የሚንጨረጨር ድምፅ በመሣሪያው ላይና በፊልሙ ላይ የደረሰው ሁሉ፣ አቧራውም ጭረቱም፣ ሲያልፍ የሚሰማ ነው። የዚያ ዘመን ማይክሮፎንና ማጉያ ደግሞ ወፍራሙንም ቀጭኑንም የድምፅ ጫፍ እየቆረጡ ያስቀሩ ነበር። ስለዚህ «የጥንት ሰዎች ድምፃቸው ለምን ቀጠነ?» ለሚል ሰው መልሱ በከፊል መሣሪያው ነው። ኩሊጅ በእርግጥም የቬርሞንት ገጠር ሰው ነበሩ፤ በአፍንጫ የሚወጣው አነጋገር የአገራቸው ነው። ጎርናናው የድምፃቸው ክፍል ግን ፊልሙ ላይ አልደረሰም።

የድምፅን ጉልበት ለሚጠራጠር ሰው አንድ ነገር ልንገር። በደርግ ዘመን አጎቴ አሜሪካ ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍ ስለማይወድ ካሴት ይልክ ነበር። አክስቴ ፎቶግራፉን ኮሞዲኖ ላይ አቁማ፣ ሳታለቅስ ለዓመታት ስታየው ኖራለች። የመጀመሪያው ካሴት የመጣ ዕለት ግን ቴፑ ውስጥ «እንደምን ከረማችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ብላ መለሰችለት። መልሳ ጠየቀችው እኮ! ከዚያ እንደማይሰማት ሲገባት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ፎቶግራፍ ያለፈን ሰው ያሳያል፤ ድምፅ ግን ሰውየውን አሁን፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ኩሊጅን የሚሰሙ ሰዎች የሚሰማቸውም ያው ነው፤ መቶ ዓመት ድንገት ትጠፋለች።

አሁን ወደዚያ ወደማይሰማው ነገር ልመለስ።

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1924 የፕሬዚዳንቱ ታናሽ ልጅ፣ የ16 ዓመቱ ካልቪን፣ ከወንድሙ ጋር በዋይት ሐውስ ሜዳ ቴኒስ ተጫወተ። ጫማውን ያደረገው ያለ ካልሲ ነበር። ጣቱ ላይ ውኃ የቋጠረች ቁስል ወጣች፤ ቁስሏ መረቀዘች፤ መርዙ ደሙ ውስጥ ገባ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም፤ የአገሪቱ ምርጥ ሐኪሞች ተሰብስበው ምንም ማድረግ አልቻሉም። ልጁ ጁላይ 7 ቀን ሞተ። ኩሊጅ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲጽፉ ልጁ ሲሄድ የፕሬዚዳንትነቱ ኃይልና ክብርም አብሮት ሄደ ብለዋል።

ቀኖቹን እንቁጠር። ከጁላይ 7 እስከ ኦገስት 11 አምስት ሳምንት ነው። ያ ሁላችንም የምናየው ሰው፣ ወረቀት ይዞ ስለ ግብር የሚያነበው፣ ልጁን ከቀበረ ገና አርባ ቀን አልሞላውም። ልጁ ቴኒስ የተጫወተው በዚያው ግቢ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን ደግሜ ሳየው ፊታቸው ላይ ሐዘን ፈለግሁ፤ ያገኘሁም መሰለኝ፤ ቀጥሎ ግን ፈልጌ ስላየሁት እንደሆነ ገባኝ። ሳላውቅ ባየሁት ጊዜ ያየሁት ደረቅ ሰው ነበር። ፊልሙ አልተለወጠም። «ዝምተኛው ካል» የሚለውን ቅጽል ስማቸውን የሚያስታውስ ተመልካች ድርቀቱን ያይና «እንደተባለው ናቸው» ብሎ ያልፋል። ሰውየው ግን በሥልጣን ዘመናቸው ከ500 በላይ ጋዜጣዊ ጉባኤ የሰጡ ነበሩ።

ስለ ናፍቆቱም እንነጋገር። ኩሊጅ በፊልሙ ላይ ሰዎች ለመንግሥት ጥቂት፣ ለራሳቸው ብዙ እንዲሠሩ እፈልጋለሁ ይላሉ። ዛሬም አድማጭ የሚያጨበጭብለት ንግግር ነው። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1921 73 በመቶ የነበረው ከፍተኛው የገቢ ግብር በ1925 ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ነገር ግን የዚያው የ1924 ዓመት ፊርማቸው የሚያወሳው ሌላም ነገር አለ። በሜይ 1924 የአሜሪካን በር ለአብዛኛው ዓለም ያጠበበውን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈርመዋል። ጁን 30 ቀን፣ ልጃቸው ቴኒስ በተጫወተባት በዚያችው ዕለት፣ የየአገሩን ኮታ የሚዘረዝረው አዋጅ ወጣ። በዝርዝሩ ላይ «ኢትዮጵያ (አቢሲኒያ)» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ 100 የሚል ቁጥር ሰፍሯል፤ በዓመት አንድ መቶ ሰው ማለት ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሚኖር የምናውቅ ሰዎች ያንን ቁጥር ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። የረጋው አነጋገር ያምራል፤ ግን በተረጋጋ ድምፅ የተዘጋ በርም የተዘጋ በር ነው።

ስለ ገናው የማስበውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኩሊጅ ቃለ መሐላ የፈጸሙት እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1923 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ፣ በአባታቸው ቤት፣ በኩራዝ ብርሃን ነበር። አስፈጻሚው አባታቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ በዋይት ሐውስ ደቡብ በሚገኘው ሜዳ ላይ ከቬርሞንት የመጣ 48 ጫማ ቁመት ያለው ዛፍ ቆመ፤ 2,500 አምፖሎች ተሰቀሉበት፤ ፕሬዚዳንቱ ቁልፉን ተጫኑና በራ። እስከ ዛሬ የሚቀጥለው ብሔራዊ የገና ዛፍ የመጀመሪያው ያ ነው። ሐሳቡን ከገፉት መካከል ሰዎች ዛፋቸውን በሻማ ፋንታ በኤሌክትሪክ እንዲያበሩ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ ይገኝበታል፤ ይህን ማወቅ የዛፉን ውበት አይቀንስም፤ ግን የምናደንቀው ትዕይንት በማን እንደተሰናዳ ይነግረናል።

በ1924 ገና ደግሞ ኩሊጅ እንደገና ዛፍ አበሩ። ዛፉ በዚያ ዓመት ተቆርጦ የመጣ ሳይሆን ሥር ያለው፣ የተተከለ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ቁልፉን ሲጫኑ ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ አሁን አንድ ነው። ልጅ የቀበረ ወላጅ ዓመት በዓል ሲመጣ ቤቱ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭፈራው ጎረቤት ይሰማል፤ እዚህ ቤት ግን ዶሮው ይሠራል እንጂ አይበላም። ያን ምሽት በፊታቸው የተሰበሰበው ሕዝብ ያየው ዛፉን ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1927 ገና፣ ለአሜሪካ ሕዝብ መልካም ምኞታቸውን ያስተላለፉት በእጅ ጽሑፋቸው ነው፤ ጋዜጦች እንዳለ አተሙት። ገና የቀን ወይም የወቅት ጉዳይ ሳይሆን የልብ ሁኔታ ነው ይላል፤ ሰላምንና በጎ ፈቃድን መንከባከብን፣ ምሕረትን ማብዛትን ያነሣል። በዚያው ዓመት ሰኔ ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ተሻግሮ ሲመለስ ኩሊጅ ያደረጉትን የአቀባበል ንግግር የፎክስ ኩባንያ ሙቪቶን የተባለው መሣሪያ በድምፅ ቀርጾት ነበር። መሣሪያው አልጠፋም ማለት ነው። እኔ የ1924ቱን ፊልም አሥር ጊዜ ከማየት ይልቅ ያችን አንዲት የእጅ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ማንበብ ወደ ሰውየው ያቀርባል እላለሁ። የገናቸው ድምፅ ያለው እዚያ ነው።

የድምፅ ፊልምና ገና በእርግጥ አብረው የሚጎሉበት ምሽት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1941 ይመስለኛል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር በጃፓን ከተመታ ገና 17 ቀኑ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በዋይት ሐውስ ደቡባዊ ሰገነት ላይ ቆመው፣ ከጎናቸው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል፣ ሁለቱም ተናገሩ፤ ካሜራዎቹም ቀረጹ። ቸርችል ልጆች ለዚህች ሌሊት ይጫወቱ፣ ይሳቁ ብለው ነበር። ያንን ድምፅ ሲሰማ የማይነካ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ በልብ ያለውና በአፍ የሚነገረው አንድ ሆነዋል። ሁሉም የሚፈራው ነገር አንድ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። የኩሊጅ ሐዘን ግን የግላቸው ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ተመልካቾች ብቻ አይደለንም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለአፄ ምኒልክ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው አዳመጡ፤ መድፍም ተተኮሰ። ንግሥቲቱ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዘው ስለነበር ቅጂው ተሰበረ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 በአማርኛ የመለሱት መልስ ግን ተርፏል፤ ዛሬ ማንም ሊሰማው ይችላል። ከኩሊጅ ፊልም ሩብ ምዕተ ዓመት ይቀድማል። ኩሊጅ በተቀረጹበት በ1924 ክረምት ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በአውሮፓ ጉብኝት ላይ ነበሩ፤ ካሜራዎች ፓሪስና ለንደን ላይ አንሥተዋቸዋል፤ ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ድምፃቸው በፊልም ጎልቶ የተሰማው ጃንሆይ ከሆኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው በሞከሩበት አዳራሽ፣ በአማርኛ ሲናገሩ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ስሜት፣ ጥርጣሬው፣ የእኛም ጉዳይ ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቆየ ፊልም ይቀባል፤ በሁለት ምስሎች መካከል ያልነበረ ሦስተኛ ምስል ፈጥሮ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ የሚንጨረጨረውን ድምፅ ያጠራል፤ ሲያጠራም የጎደለውን በግምት ይሞላል። የተቀባው የኩሊጅ ሱፍ ያ ቀለም እንደነበረው የሚያውቅ የለም። ከዚህ የባሰው ከፎቶግራፍ ተነሥቶ ሰውን ማናገር ነው። የምኒልክና የጣይቱ ፎቶግራፎች ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ፣ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚያሳዩ ቅንብሮችን ያላየ ሰው አሁን ጥቂት ነው። እውነተኛ ድምፃቸው ተርፎልን ሳለ የሐሰት ድምፅ የሚያስገባባቸው ሰው ያናድደኛል። ጉዳቱም ሐሰቱ መታመኑ ብቻ አይደለም። እውነተኛው መጠርጠሩም ነው። በሐሰት የተታለለ ተመልካች ነገ የ1899ኙን ቅጂ ሲሰማ «ይህም የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የ1924ቱን ፊልም የምናምነው ጥራቱን አይተን አይደለም። የዘር ሐረጉ ስለሚታወቅ ነው። ማን እንዳነሣው፣ መቼና የት እንደተነሣ፣ በምን መሣሪያ እንደተቀረጸ ይታወቃል፤ ቅጂው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ለአንድ የቆየ ፊልም «ይህ እውነት ነው?» ከማለት «ይህ ከማን እጅ መጣ? ምን ተነካበት?» ማለት ይሻላል። የሚያጋራውም ሰው «ቀለሙ ዛሬ የተጨመረ ነው»፣ «ድምፁ ተጣርቷል» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም።

ባለፈው ዓመት የአጎቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ለማስገልበጥ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ወሰድኳቸው። ጎበዝ ወጣት ነው የተቀበለኝ፤ ማሽኑን ጠራርጎ አንዱን ካሴት አስገባና እያዳመጠ «ጋሼ፣ ይህን ሽሽሽ የሚለውን ላጥፋልዎት፤ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎችም ቆርጬ ላሳጥረው» አለኝ። አብረን አዳመጥን። አጎቴ «እናታችን እንዴት ናት?» ይላል፤ ከዚያ ዝም። በዝምታው ውስጥ መኪና ሲያልፍ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። ከዚያ በወፍራም ድምፅ ስለ በረዶው ማውራት ይጀምራል።

እናታችን ማለት አያቴ ናት። ካሴቱን ሲቀርጽ እርሷ ከሞተች አራት ወሯ ነበር፤ መርዶውን ሰው ነግሮት እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም።

«አይንኩት፤ እንዳለ ይገልበጥ» አልኩት።